ከባቢሎን ወንዝ እስከ ወናጎ ጓሮ

እንሰት ተተክሎ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ቡናም የመጀመሪያውን ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ያስጠብቃል። በጌዴኦዋ ወናጎ ይህን ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህ የጌዴኦ ገበሬ ጓሮውን ጥሎ ሲሸሽ ከዘንድሮው ምርት ጋር የከርሞንና የዚያ ማዶውን ጉርስ ነው ጥሎ የሚሄደው። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ ግጭት ተነሣ። የሸሸው ሰው ተመልሶ በወጉ ሳይረጋጋ ሰኔ ላይ አገረሸ። ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተነቀለ። ከዲላ እስከ ጌዴብ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ በሰው ተሞላ። ያን ክረምት ላየ ሰው፣ ስለ ምርኮና ስለ መመለስ የሚነበበው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል የሩቅ ዘመን ወሬ መሆኑ ቀርቷል። የጥንቱን የአይሁድ ሕዝብ ስደትና መመለስ እንደገና ልንቃኘው የሚገባንም ለዚህ ነው።

ያ ስደት በአንድ ጀንበር የሆነ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 አሦር ሰማርያን ይዛ የሰሜኑን መንግሥት ሕዝብ በተነችው። በ597 የባቢሎኑ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ከብቦ ንጉሥ ዮአኪንን ከመኳንንቱና ከእጅ ባለሙያዎቹ ጋር ማርኮ ወሰደ። በ586 ከተማይቱና ቤተ መቅደሱ ተቃጠሉ። ድሆቹ ግን ወይኑን እንዲያለሙና መሬቱን እንዲያርሱ እዚያው ተተዉ። መሬቱ ባዶ አልሆነም፤ ሌላ እጅ ያዘው። ስደተኛ ሁሉ ሲመለስ የሚያገኘው ፈተና ዘሩ የተዘራው ያኔ ነው።

ነቢዩ ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የላከው ደብዳቤ ዛሬም ያስደንቃል። ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ለተሰደዱባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ነገራቸው። መመለሱ እንደማይቀር እያመነ፣ ጓዛቸውን በር ላይ አስረው እንዳይቀመጡ መከራቸው። ምርኮኞቹ ምክሩን በተግባር እንዳዋሉት ምስክር አለ። በባቢሎን ምድር «የይሁዳ ከተማ» ትባል ከነበረች መንደር የተገኙ የሸክላ ጽላቶች ይሁዳውያን እርሻ ሲይዙ፣ ተምር ሲያስገቡ፣ ግብር ሲከፍሉ ያሳዩናል። ለልጆቻቸውም የአምላካቸውን ስም ያዘለ ስም ያወጡ ነበር። ቤተ መቅደስ በሌለበት አገር ማንነታቸውን ያቆዩት በስም፣ በሰንበት፣ በጸሎትና በመጽሐፍ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛም አለን። ኤርምያስ በኢየሩሳሌም ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል፣ ንጉሡን ደፍሮ ያስፈቀደውና ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ አብሮ የወረወረለት ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ተረፈ ባሮክ ታሪኩን ይቀጥላል። አቤሜሌክ በለስ ሊለቅም ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ቢል 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ በለሱ ገና ትኩስ ነው፤ ከተማይቱ ግን የማያውቃት ሆናለች።

ነቅተው ለኖሩት ምርኮኞች ግን ጊዜው በእንቅልፍ አላለፈም። በ539 የፋርሱ ቂሮስ ባቢሎንን ያዘ፤ በዓመቱ አይሁድ እንዲመለሱ ፈቀደ። በ1879 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በባቢሎን ፍርስራሽ የተገኘውና ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የቂሮስ የሸክላ ጥቅልል ይሁዳን በስም አይጠራም። ነገር ግን የተበተኑ ሕዝቦችንና አማልክቶቻቸውን ወደየቦታቸው መመለስ የንጉሡ ፖሊሲ እንደነበር ያስረዳል። መጽሐፈ ዕዝራ የተመላሹን ጉባኤ 42,360 ብሎ ይቆጥረዋል። ብዙዎች ባቢሎን ቀሩ።

የቤተ መቅደሱ መሠረት ሲጣል ወጣቱ እልል አለ፤ የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች ግን አለቀሱ። ዕዝራ እንደሚለው ሕዝቡ እልልታውን ከልቅሶው መለየት አቃተው። ከመሬቱ ነዋሪዎች ጋር በተነሣ ጠብ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ያለቀው በ515 ነው። የከተማይቱን ቅጥር ደግሞ ከመጀመሪያው ተመላሽ በኋላ ትውልዶች አልፈው፣ በ445 ነህምያ መጥቶ በ52 ቀን አቆመው። ከቅጥሩ የከበደ ነገር ግን ከቅጥሩ ውስጥ ነበር። ድሃው በረሃብ እርሻውንና ቤቱን አስይዞ፣ ልጆቹን ለባርነት ሰጥቶ ይጮህ ነበር። አበዳሪው የገዛ ወንድሙ ነው። ነህምያ መኳንንቱን ሰብስቦ ወለዱን አስተዋቸው፤ እርሻውን አስመለሰ። የመመለስ ታሪክ ሁሉ የሚመዘነው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ተመላሹ የሚቆምበት መሬት አግኝቷል ወይ?

በ70 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሮማውያን ሁለተኛውን ቤተ መቅደስ ሲያቃጥሉ መበተኑ እንደገና ቀጠለ። በነህምያ ዘመን ሕዝቡ ሕጉን ሊሰማ የተሰበሰበበትን ጉባኤ ግን በየዓመቱ ሲያስቡ የኖሩ የአገራችን ሰዎች አሉ። ቤተ እስራኤል የሚባሉት የጎንደር አይሁድ በስግድ በዓል እንደ አምቦበር ባሉ ቦታዎች ጾመው ተራራ ይወጡ ነበር፤ ቄሶቻቸው ከዕዝራና ከነህምያ እያነበቡ ወደ ኢየሩሳሌም ይጸልዩ ነበር። በ1854 ዓ.ም. አባ ማሐሪ የመሩት ሕዝብ በእግሩ ኢየሩሳሌም ሊገባ ተነሥቶ በትግራይ መንገድ ብዙው በረሃብና በበሽታ አለቀ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል በተደረገው ጉዞ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው በመንገድና በካምፕ እንደሞተ ይነገራል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 ሰው፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 የሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው አጓጓዘ። አንዱ አውሮፕላን ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ነበር። አውሮፕላኑ በሰዓታት ያደረሰውን ሕዝብ የእስራኤል ኅብረተሰብ ለመቀበል ዓመታት ፈጀበት፤ አይሁድነቱ ተጠይቋል፣ የለገሰው ደም ተደፍቷል። ስግድ የእስራኤል ብሔራዊ በዓል የሆነው በ2000 ዓ.ም. ነው።

ወደ ጌዴኦ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. ተፈናቃዮች በመኪና ወደየቀበሌያቸው ሲመለሱ ዘገባው ቁጥራቸውን ነገረን። ቁጥሩ ግን የተቃጠለ ቤትና የተቆረጠ እንሰት አያሳይም። ጌዴኦና ጉጂ ለዚህ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ጎንዶሮ ይሉታል። አባቶች ተቀምጠው በደሉ ይነገራል፣ ደም ይታጠባል፣ መሐላ ይታሰራል። ከመሐላው በኋላ ያለው ሥራ የጓሮ ሥራ ነው፤ ድንበሩ ሳይገፋ፣ ተክሉ ሳይነካ መክረም። በመስከረም 2016 የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተከበረውም ይኸው ነው፤ ቡናን በዛፍ ጥላ፣ እንሰትን ከቡና ጋር አድርጎ በትዕግሥት የሚያኖር እጅ።

የአቤሜሌክ በለስ ሳይጠወልግ 66 ዓመት ቆየ። የእኛ እንሰት እንዲህ ያለ ተአምር የለውም። በ2011 ክረምት ተመላሽ የተከለው ችግኝ ማንም ሳይነቅለው ከኖረ ዛሬ ለመፋቅ ደርሷል። ሴቶቹ ተሰብስበው ሲፍቁት፣ ቆጮው በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ሲገባ፣ ያ ቤተሰብ አገሩ ገብቷል ማለት እንችላለን።