ቁጥር 502

ጀምበር ስትጠልቅ በአምስተርዳም ቦዮች ላይ በጀልባ መንሸራሸር ለአንድ ሰዓት ያህል ሀብታም ያደርጋል። ቀጫጭኖቹ ቤቶች አናታቸው ላይ የዕቃ መሳቢያ መንጠቆ አላቸው፤ ደረጃው ስለሚጠብ ሶፋው የሚገባው በመስኮት ነው!

ሦስቱን ታላላቅ ቦዮች መቆፈር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1613 ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሄረንግራኽት ላይ ያለው ቁጥር 502፣ የከንቲባው መኖሪያ ነው። በ1672 ያሠራው ፓውሉስ ጎዲን በባሪያ ንግድ የከበረው የምዕራብ ህንድ ኩባንያ አመራር አባል ነበር። ይህን የሚያስታውስ ጽሑፍ ደጃፉ ላይ የተቀመጠው በ2006 ነው። ከንቲባዋ ፌምኬ ሃልሰማ በከተማዋ ስም ይቅርታ የጠየቁት ደግሞ በ2021፤ ባርነት በሱሪናም ከቀረ ከ158 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዘገየ? በጣም እንጂ!

አስጎብኚያችን «የከንቲባዋ ቤት» አለንና ወደ ቀጣዩ ድልድይ አለፈ።