ከገና በኋላ ያለችው አራዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ገና ካለፈ በኋላ በፒያሳ መንገድ የሚሄድ ሰው በየሱቁ መስኮት የተሰቀለው መብራት ሲወርድ፥ ጥዱም ሲነሣ ያያል። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የጾምነው ጾም ተፈትቷል፤ ዶሮው ተበልቷል፤ ጠላው ተጠጥቷል። ብዙዎቻችንም የጌታችን ልደት በዚሁ ያበቃ ይመስለናል። ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አላስተማረችንም። በዓሉ ከዋለ ሳምንት ሳይሞላ፥ ጥር 3 ቀን፥ ሄሮድስ በቤተ ልሔም ያስፈጃቸውን ሕፃናት ታሳስበናለች። ጥር 6 ግዝረቱ፥ ጥር 11 ጥምቀቱ፥ የካቲት 8 ደግሞ አረጋዊው ስምዖን ሕፃኑን በቤተ መቅደስ የታቀፈበት በዓል ነው። የእልልታው ድምፅ ከጆሯችን ሳይጠፋ የእናቶችን ልቅሶ እንድንሰማ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ነገር አራዳ በዓይኗ አይታዋለች።

የአራዳ ጊዮርጊስን ዳግማዊ ምኒልክ ከዓድዋ ድል በኋላ አሠሩት። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። ታላቁ ገበያ በአጠገቡ ነበረና የበዓል ሸመታ ሁሉ እዚያ ይፈጸም ነበር። ጠላት አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ገበያውን ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረ፤ አራዳንም በቋንቋው ፒያሳ አላት፤ እኛም ስሙን ሳንጥለው ቀረን። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በጥይት ተገደሉ። ሐውልታቸው ከጊዮርጊስ ሳይርቅ ቆሟል።

የ1929 ዓ.ም. ገና ከዋለ ከ43 ቀን በኋላ፥ የካቲት 12፥ ግራዚያኒ የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለ ተወለደላቸው የከተማውን ድኾች ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አስጠርቶ ምጽዋት ያሰጥ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ቦምብ ወረወሩ። ወታደሮቹም በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኮሱ፤ ግድያው ሦስት ቀን ቀጠለ፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ኋላ ባቀረበው ቍጥር 30,000 ሰው አልቋል። በአራዳ ጊዮርጊስም እሳት ለቀቁበት፤ ግንቡ ድንጋይ በመሆኑ ቆሞ ቀረ፤ ከነፃነት በኋላም ታደሰ።

ምእመናን ሆይ፤ እስኪ ይህን እናስተውለው። ስለ አንድ ሕፃን መወለድ ድኻ ተጠርቶ መጣ፤ በልደቱ ምጽዋት ፊትም ደሙ ፈሰሰ። ሄሮድስም ቢሆን ለሰብአ ሰገል የነገራቸው ለሕፃኑ ሊሰግድለት እንደሚሻ ነበር። በበዓል ቀን ገንዘብ መበተን ግራዚያኒም አልተሳነውም። ልዩነቱ የሚታየው በማግስቱ ነው።

በገና ዕለት በጊዮርጊስ ደጅ የተቀመጡት ነዳያን ጥር 3 ቀንም እዚያው ናቸው፤ በዚያ ቀን ግን እጁን የሚዘረጋላቸው ጥቂት ነው። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈርሶ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደዋል። ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ ሳሕን ይቀባበለን የነበረው ጎረቤት ዛሬ በአውቶቡስ የሚኬድበት ሆኗል። በበዓሉ ቀን በስልክ እንኳን አደረሰህ ብለነዋል። በጥር ወር ሄደን ደጁን የረገጥን ስንቶቻችን ነን? ይህን የምንናገረው እኛም ከወቀሳው ነፃ ሳንሆን ነው።

በዚያ በ1929 ዓ.ም. የስምዖን በዓል የዋለው ከእልቂቱ አራት ቀን አስቀድሞ ነበር። ስምዖን ሕፃኑን ታቅፎ አምላኩን ካመሰገነ በኋላ ለእመቤታችን በነፍሷ ሰይፍ እንደሚያልፍ ነግሯታል። ሳምንቱ ሳይሞላ የአዲስ አበባ እናቶች በተቃጠለው ቤታቸው አመድ ፊት ቆመው ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።