ሰለሞን ደሬሳ
ሰለሞን ደሬሳ ጋዜጠኛ፣ ገጣሚና የሥነ ጥበብ ሐያሲ ነበር። የተወለደው በወለጋ፣ ጩታ በምትባል መንደር ነው። በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ፈረንሳይ ቆይቶ ከተመለሰ በኋላ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በመጽሔቶች ሠርቷል።

ዘመናዊ ሥዕል ለብዙው ተመልካች እንግዳ በነበረበት ጊዜ ስለ ሠዓሊዎች በእንግሊዝኛ ይጽፍ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ የወጣው ጽሑፉ ገብረ ክርስቶስ ደስታን እንደ ሠዓሊም እንደ ገጣሚም የሚመለከት ነው። ሐያሲው ራሱ ገጣሚ ስለነበር ሁለቱን አልነጣጠላቸውም። ስለ እስክንድር ቦጎሲያንም ጽፏል። በ1961 ዓ.ም. ከገዳሙ አብርሃ ጋር በአዲስ ሪፖርተር ያሳተመው መጣጥፍ ደግሞ በሁለት ባህል መካከል የቆመውን የተማረ ኢትዮጵያዊ ይተቻል።

በ1963 ዓ.ም. የወጣው «ልጅነት» የተለመደውን የቤት አመታት ባለመከተሉ «ይህ ግጥም ነው ወይ?» የሚል ክርክር አስነስቷል። ኋላ ወደ አሜሪካ ተሰዶ በሚኒሶታ ኖረ፤ በ2010 ዓ.ም. አረፈ።