ዱዳዋ ደላላ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ስለ እህቴ ነው። ስሟን ተዉት፤ እኔ እታለም ነው የምላት፣ እናንተም እንደዚያው በሏት።

ለመሆኑ ደላላ ስላችሁ ማን ነው ፊታችሁ ድቅን የሚለው? እኔማ የሰፈራችን ሰውዬ ነው። የቤት ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ከፊት ከፊት ይሄዳል። «ውሃው በሽ በሽ ነው፤ አከራይዋ እናት ማለት ናቸው፤ ጎረቤቱ ሰው ወዳድ ነው» ይላል። ውሃው በሳምንት አንዴ እንደሚመጣ፣ አከራይዋም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ በር እንደሚቆልፉ የምታውቁት ዕቃችሁን ካስገባችሁ በኋላ ነው። የእሱ ፈቃድ ምላሱ ነበር። ማንም አልሰጠውም፣ ማንም አይነጥቀውም።

እታለም በዲቪ መጥታ ኑሮዋን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አደረገች። ሥራዋ ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ሥር ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ሒሳብ መቀበል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ፀሐይ ሳታይ ተቀመጠች። አንድ ቀን ደውላ «የሪል እስቴት ላይሰንስ ላወጣ ነው፤ ትምህርት ጀምሬያለሁ» አለችኝ።

«ምን ትምህርት አለው? ቤት ማሳየት አይደለም እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። አሁን ሳስበው ሳቋ የንቀት ነበር።

ቨርጂኒያ ውስጥ ለዚህ ሥራ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም አቻው ይጠየቃል፤ የ60 ሰዓት ኮርስ አለ፣ ፈተና አለ፣ አሻራ አለ። እታለም አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችበትን ወረቀት ፍለጋ አዲስ አበባ የእናታችንን ቁም ሳጥን አስበረበረች። የተገኘው ከክርስትና ካርዷ ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ነው። ጥናቱን እዚያችው ፓርኪንግ ውስጥ ተወጣችው።

የምትቀመጥባትን ዳስ አይቻታለሁ። ሁለት ሰው አያስቆምም። እግሯ ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ከፊቷ የቲኬት ማሽን፣ ከማሽኑ ጀርባ የኮርሱ መጽሐፍ። መኪና ሲመጣ የደረሰኝ ጥቅል ታጋድምበታለች፤ መኪናው ሲወጣ ጥቅሉን ታነሳለች። አንድ ኤከር 43,560 ስኩዌር ጫማ ነው። ይህችን ቁጥር በቃል መያዝ ግድ ነው ስለተባለች እንደ ዳዊት ደጋሚ ትወርድባት ነበር፦ «አርባ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ፣ አርባ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ…» አንድ ሀበሻ የታክሲ ሾፌር ሒሳቡን የጠራችበት መስሎት ደንግጧል አለችኝ። ሳታጋንን አትቀርም።

ያስቸገራት ግን ቁጥር አልነበረም፤ መሬት ነው። መጽሐፉ ንብረትን እንደ ጭራሮ እስር ያየዋል። መያዝ አንድ ጭራሮ፣ ማከራየት አንድ፣ መሸጥ አንድ፣ ማውረስ አንድ፤ እየመዘዙ አንዱን ለዚህ ሌላውን ለዚያ መስጠት ይቻላል። እኛ ደግሞ የአያታችን ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተወረሰበት ቤት ልጆች ነን። መሬት የመንግሥት መሆኑን ከፊደል ጋር ነው የቆጠርነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ይኸው መሬት አይሸጥም አይለወጥም እንዳለ አለ። እታለም የመጽሐፉን ያንን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አነበበችውና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ።

«ከሥር ያለው ማዕድን ለብቻው ይሸጣል ይላል። ከላይ ያለው አየርም ለብቻው ይሸጣል። አየር! ትሰማኛለህ?»

«ተኚ» አልኳት።

ፈተናው በአንድ ወንበር ሁለት ነው፦ 80 ጥያቄ አገር አቀፍ፣ 40 ጥያቄ የቨርጂኒያ። ከመጀመሪያው 56፣ ከሁለተኛው 30 ማግኘት አለባት። አገር አቀፉን አለፈች፤ በቨርጂኒያው 28 አምጥታ ወደቀች። ደግነቱ የሚደገመው የወደቁበት ብቻ ነው። ያን ሰሞን ስልክ አታነሳም ነበር። በሁለተኛው ሙከራ አለፈች፤ ውጤቱም እዚያው ነው የሚታወቅ። ፓርኪንጉ ውስጥ እልል ያለችው አሁንም ይወራል።

እኔ አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም። ላይሰንሱ ከብሮከር፣ ከዋና ደላላ ማለት ነው፣ ሥር ካልተንጠለጠለ ብቻውን አይሠራም። ኮሚሽኑ ለብሮከሩ ይገባል፤ ለእሷ የሚደርሳት ከእሱ እጅ ነው። ብሮከር ለመሆን ሌላ 180 ሰዓት ትምህርትና የዓመታት ልምድ አለው። እታለም ብሮከሯን «አለቃዬ» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ በዕድሜ ልጇ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያ ደንበኞቿን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ይህንን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ ከአገር ቤት የመጡ የባልየው እናት። እኔም ከኋላ ወንበር ከእማማ ጋር ተጣብቤ ቤት ልናይ ወደ ዉድብሪጅ ሄድን።

ገና መኪናው ከመንገድ ታጥፎ ሰፈሩ ውስጥ እንደገባ እማማ ጀመሩ።

«ሀበሻ አለበት?»

እታለም መሪዋን ይዛ ዝም።

«ሰዉ ምን ዓይነት ነው? ነጭ ነው ጥቁር?»

ዝም።

«ሌባስ?»

«እማማ፣ የፖሊሱ ድረ ገጽ ላይ አለልዎት፤ ልጅዎ ያሳይዎታል።»

እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ይቺ ልጅ ዱዳ ናት እንዴ? ደላላ ይኸው ነው?»

እኔም ተናደድኩ። ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ጣራው ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ የውሃ ማሞቂያው መቼ እንደተቀየረ፣ የጋራዡ ግድግዳ ለምን እንደ ካርታ እንደሻገተ፣ የምድር ቤቱ ምንጣፍ ለምን አዲስ እንደሆነ ጠየቀች። ተንበርክካ የምንጣፉን ጥግ ስታነሳ አየኋት። የእኛ ሰፈር ሰውዬ ቢሆን ምንጣፉ ላይ ቆሞ ስለ ጎረቤቱ ደግነት ያወራ ነበር።

ማታ ጠየቅኳት። ስቲሪንግ ይሉታል አለችኝ፤ ልክ እንደ መኪና መሪ፣ ደንበኛን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ወደ መሰሎቹ ሰፈር መጠምዘዝ። ክልክል ነው። ደንበኛው ራሱ ቢጠይቅም፣ ደላላውም ሀበሻ ቢሆን፣ ያው ክልክል ነው። ከዚያ ኮርሱ ላይ ያየችውን ነገረችኝ። በዚሁ በእኛ አካባቢ፣ በእነዚሁ ዛፋቸው ባማረ ሰፈሮች፣ የድሮ የቤት ውሎች ላይ ይህ ቤት ለጥቁር አይሸጥም፣ ጥቁር አይኖርበትም፣ አገልጋይ ካልሆነ በቀር የሚል ተጽፎ ይገኛል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ፍርድ ቤቶች ይህን እንዳያስፈጽሙ ያገደው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ተገደለ፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የቤት አድልዎን የሚከለክለውን ሕግ የፈረሙት በሳምንቱ ነው። በሕጉ ላይ ፆታ በ1974፣ አካል ጉዳትና ልጅ ያለው ቤተሰብ በ1988 ተጨመሩ። ቨርጂኒያም የራሷን አከለች።

«ሀበሻ ያለበትን ሰፈር እኔ ከመረጥኩላቸው፣ ሌላው ደግሞ ሀበሻ የሌለበትን ለሌላው ይመርጥለታል» አለችኝ። ንግግሯ አሁንም እንደ ኮርስ ነበር። እኔ ግን እማማን ምን እንደምላቸው ነበር የማስበው።

ቤቱን ገዙት። የሽያጩ መዝጊያ፣ ክሎዚንጉ፣ ባለቀ ማግስት ጉሮሮዬን ጠርጌ ደወልኩ። «እታለም፣ እንግዲህ ደንበኛ ያመጣሁ…»

«ምን?»

«ያው… የኔ ድርሻ።»

ዝም አለች፣ እንደ ለመደችው። ከዚያ ሌላ የ1974 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ሕግ ነገረችኝ። ላይሰንስ ለሌለው ሰው ደንበኛ ስላመጣ ብቻ ጉርሻ መስጠት እስከ 10,000 ዶላር ያስቀጣል፣ እስከ አንድ ዓመትም ያሳስራል።

«ለወንድምሽ?»

«ለወንድሜም።»

«ክትፎስ?»

«ክትፎውን በልደትህ ቀን እጋብዝሃለሁ።»

ልደቴ ገና ሰባት ወር ይቀረው ነበር።

እንዲህ ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት ግን በቀን መቁጠሪያ ተያዘች። አዲስ ላይሰንስ ያወጣ ደላላ በመጀመሪያው ዓመት ሌላ 30 ሰዓት መማር አለበት። እታለም ፓርኪንጉን ለቅቃ፣ ቅዳሜና እሁድ ቤት እያሳየች፣ «ነገ፣ ነገ» ስትል ዓመቱ ሞላና ላይሰንሷ ከሥራ ውጪ ሆነ። ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ እስክትጨርስ ድረስ ተኛ። ያኔ አንድ ደንበኛ ቅድሚያ ክፍያውን ይዞ በሯ ላይ ቆሟል። በራሷ አፍ «እኔ አሁን በር ልከፍትልህ አልችልም» ብላ ለባልደረባዋ አስረከበችው። አለቀሰች። ሰላሳውን ሰዓት በዘጠኝ ቀን ጨረሰች።

ከዚያ ወዲህ ማቀዝቀዣዋ ላይ ቀኖች ተለጥፈዋል። ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ 16 ሰዓት ትጠይቃለች፤ ግማሹ የግዴታ ነው፣ ሥነ ምግባር፣ የቤት አድልዎ፣ ውል እያለ የሚሄድ። ሳታድስ ዓመት ካለፋት ደግሞ እንደ አዲስ ከሀ ነው የምትጀምረው። የቨርጂኒያው ላይሰንስ የፖቶማክን ወንዝ አይሻገርም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ወገኖች ሲበዙባት የሜሪላንዱንም አወጣች። ላይሰንስ ስላላት የግዛቱን ክፍል ብቻ ነው የተፈተነችው፤ ማደሻው ግን የራሱ 15 ሰዓት አለው።

ባለፈው ወር መጨረሻ ላይ ማታ ቤቷ ሄድኩ። የበዓል ዋዜማ ነው። የዶሮ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ላፕቶፑ ቅመም መደርደሪያው ላይ ተደግፎ የማደሻ ትምህርቱን ያወራል። ዓይኗ ከሽንኩርቱ ያለቅሳል። ስልኳ ጮኸ፤ በድምጽ ማጉያ አደረገችው።

«ዱዳዋ ነሽ?»

«አቤት እማማ።»

«ትንሹ ልጄም ቤት ሊገዛ ነው። ሀበሻ አለበት ብዬ አልጠይቅሽም። ያኔም በማግስቱ ማታ ሄጄ ዞሬ፣ የሽሮ ሽታ ሲመጣ ነው ለልጄ ግዛ ያልኩት።»

እታለም ቢላዋዋን አስቀምጣ ላፕቶፑን አየችው።

«እማማ፣ አርባ ደቂቃ ብቻ ይቀረኛል። ልደውልልዎት?»