ደንባርና ድንበር

ወደ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሊመጣ ቪዛ የተመታለት ቤተሰብ ዘመድ ጋ ሲደውል የሚጠይቃቸው ነገሮች ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ ሥራ። ቀጥሎ ቤት ኪራይ። ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ ደግሞ ሦስተኛው ይከተላል፦ «ጥሩ ሃይስኩል የትኛው ነው?»

ጥያቄው በአዲስ አበባ ልማድ የተቃኘ ነው። እዚያ አቅም ያለው ወላጅ የግል ትምህርት ቤት መርጦ ይከፍላል፣ ሰርቪሱ ልጁን ከየሰፈሩ ይለቅመዋል። እዚህ ግን የመንግሥት ሃይስኩል በነፃ ነው፣ ብዙ ሰውም ልጁን የሚያስተምረው እዚያው ነው። ክፍያው ያለው ኪራዩ ውስጥ ነው። የምትኖርበት ቤት ካርታ ላይ በየትኛው መስመር ውስጥ እንደወደቀ ታይቶ ትምህርት ቤትህ ይወሰናል። ስለዚህ ሦስተኛው ጥያቄ መምጣት የነበረበት ከሁለተኛው በፊት ነው። ብዙዎቻችን ይህን የምናውቀው የኪራይ ውል ከፈረምን በኋላ ነው።

መስመሩ ከሰማይ አልወረደም፣ ታሪክ አለው። ታሪኩን ሳነብ ይበልጥ የገረመኝ ግን ከመስመሩ በፊት የነበረው ነው። በዚችው ከተማ አንድ የመንግሥት ሃይስኩል ነበር፤ ለእሱ ሲሉ ቤታቸውን ሸጠው፣ አገር አቋርጠው የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ስሙ ደንባር ነው። ለእኛ ጆሮ «ድንበር» ይመስላል። አጋጣሚ ነው፣ ግን እንዴት ያለ አጋጣሚ!

ትምህርት ቤቱ የተጀመረው በ1870 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቤዝመንት ውስጥ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ፣ ባርነትም ከተሻረ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። በአሜሪካ ለጥቁሮች የተከፈተ የመጀመሪያው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይኸው ነው። ከመጀመሪያዎቹ ርእሰ መምህራን አንዷ ሜሪ ጄን ፓተርሰን፣ በአሜሪካ የባችለር ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። ሌላው ሪቻርድ ግሪነር፣ ከሃርቫርድ ኮሌጅ የተመረቁ የመጀመሪያው ጥቁር። በ1891 ኤም ስትሪት ላይ የራሱ ሕንፃ ተሠራለትና ኤም ስትሪት ሃይስኩል ተባለ። በ1916 ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር የባለቅኔውን የፖል ሎረንስ ደንባርን ስም ያዘ።

ለምን ጥሩ ሆነ? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱ የሚያስደስት ብቻ አይደለምና።

አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። የከተማዋን በጀት የሚይዘው ኮንግረስ ስለነበር የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት መምህራን ከነጮቹ መምህራን እኩል ይከፈላቸው ነበር። በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ይህ የማይታሰብ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግፍ ነው። የተማረ ጥቁር ሌላ መሄጃ አልነበረውም። ዶክትሬት ቢይዝም የነጮች ዩኒቨርሲቲ በሩን አይከፍትለትም። ስለዚህ ሃይስኩል ገብቶ ያስተምራል። ከሃርቫርድ በታሪክ ዶክትሬት ያገኙት ካርተር ዉድሰን እዚህ አስተምረዋል። በ1921 በአሜሪካ ዶክትሬት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥቁር ሴቶች ሁለቱ፣ ጆርጂያና ሲምፕሰንና ኢቫ ዳይክስ፣ የዚህ ትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ። እስቲ አስቡት፦ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር መሆን የነበረባቸው ሰዎች ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሲያስተምሩ።

ሦስተኛው ምክንያት ካርታ አለመኖሩ ነው። ነጩ ከጥቁሩ የተለየበት ግንብ ነበር፣ በግንቡ ውስጥ ግን መስመር አልነበረም። የንግድ ሥራና የእጅ ሙያ የሚያስተምሩ ሌሎች የጥቁር ሃይስኩሎች ነበሩ፤ ለኮሌጅ የሚያዘጋጀው ግን ደንባር ነው፣ የሀኪም ልጅም የጽዳት ሠራተኛ ልጅም ከየትኛውም ሰፈር መጥቶ መግባት ይችል ነበር። ለዚህ ነው ከደቡብ የሚነሳ ቤተሰብ ዋሽንግተንን የሚመርጠው። ልጁን ብቻ ዘመድ ቤት የሚልክም ነበር። ይህን ለማስረዳት እኛ ብዙ ቃል አያስፈልገንም፤ ስንቱ የክፍለ ሀገር ልጅ ነው አዲስ አበባ አጎቱ ቤት አድሮ የተማረው?

ከዚያ በር የወጡትን ስም መዘርዘር ያደክማል። የደም ፕላዝማን የማከማቸት ዘዴ ያሻሻሉት ዶክተር ቻርልስ ድሩ አሉ። የመጀመሪያው ጥቁር የካቢኔ ሚኒስትር ሮበርት ዊቨር፣ ሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ፣ የመጀመሪያው ጥቁር የፌዴራል ዳኛ ዊልያም ሄስቲ ከዚያ ናቸው። ለዚህ ጽሑፍ የምፈልጋቸው ግን በ1911 የጨረሱት ጠበቃ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ናቸው።

ነገር ግን ደንባርን ገነት አናድርገው። በትምህርት ቤቱ የቀለምና የቤተሰብ ትዕቢት ነበረበት የሚሉ ተመራቂዎች አሉ። ከእሱ ውጭ የነበረውም ሕፃን በተጨናነቀ ክፍል በፈረቃ ይማር ነበር። አንድ ያማረ ቤት ብዙ የፈራረሱ ቤቶችን አይተካም።

ሂውስተን ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነው ተርጉድ ማርሻልን የመሰሉ ጠበቆች አሠለጠኑ፣ የተለያየውን ትምህርት ቤት በፍርድ ቤት እየሸረሸሩ የማፍረሱንም ስልት ነደፉ። በዲሲ ልጆቻቸው በተጨናነቀ ትምህርት ቤት የተቸገሩ ወላጆችን የሚመራው ጋርድነር ቢሾፕ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ሂውስተን የእነዚህ ወላጆች ጠበቃ ሆኑ። በ1950 ሊሞቱ ሲቃረቡ ጉዳዩን ለባልደረባቸው ለጄምስ ናብሪት አስተላለፉ። በዚያው ዓመት መስከረም ቢሾፕ 11 ጥቁር ልጆችን ይዞ አዲስ ወደተሠራው፣ ባዶ ክፍሎች ወደነበሩት ሱዛ ጁኒየር ሃይስኩል ሄደ። አይገቡም ተባለ። ከልጆቹ አንዱ ስፖትስዉድ ቦሊንግ የሚማረው ባረጀው ሾው ጁኒየር ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት፣ ሾው የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ትምህርት ቤት ነው። ክትፎ ልንበላ የምንሰለፍበት ሰፈር ማለት ነው።

ግንቦት 17 ቀን 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዝነኛው የብራውን ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ በዚያው ቀን በቦሊንግ ስም የተከፈተውንም ወሰነ። በዋና ከተማዋ ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ተከለከለ።

ግንቡ ሲፈርስ ግን ሌላ ነገር ተተካ። ከተማዋ እያንዳንዱ ልጅ በሰፈሩ ትምህርት ቤት እንዲማር አደረገች፣ ደንባርም የአካባቢው ልጆች ብቻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሆነ። አካባቢው ደሃ ነበር። ከከተማዋ ማዶ ይመጡ የነበሩት ልጆች በየሰፈራቸው ቀሩ። ሌላ ዕድል የተከፈተላቸው መምህራንም ቀስ በቀስ ሄዱ፤ ደግሞስ ለምን አይሄዱ? ደንባርን ታላቅ ያደረገው ግፍም ነበርና፣ ግፉ ሲነሳ ታላቅነቱም አብሮ ተሸረሸረ። ያንን ግፍ በሕግ ያስነሱት ደግሞ የራሱ ተማሪ። የ1916ቱ ሕንፃ በ1977 ፈረሰ። የተተካው ሕንፃም ፈርሶ በ2013 ሌላ ተሠራ። ከሾው ምግብ ቤቶች ግማሽ ሰዓት የማይሞላ የእግር መንገድ ላይ ዛሬም አለ። በፊቱ አልፈን የማናውቀው ስንቶቻችን እንሆን?

በእነዚያ ዓመታት ነጮቹ ከከተማዋ እየወጡ ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሄዱ። ታዲያ ከተማዋና ዳርቻዋ አንድ ላይ ተደርገው ልጆች አይደባለቁም ወይ? ይህ ጥያቄ ከዲትሮይት ተነስቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1974 መልስ አገኘ። 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የዳርቻዎቹ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ጥፋት መፈጸማቸው ካልተረጋገጠ በቀር የአስተዳደር ወሰን ተሻግሮ ልጆችን ማደባለቅ አይታዘዝም ተባለ። በእኔ እምነት ዛሬ ኪራይ ስንፈልግ የምንኖርበትን ዓለም ከ1954ቱ ይልቅ ይህ ፍርድ ይገልጸዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ኢስተርን አቬኑን በእግር ተሻገሩ። አንድ ተራ መንገድ ነው፣ በሁለቱም ወገን ያለው ዛፍ አንድ ዓይነት ነው። ግን ሌላ በጀት፣ ሌላ የትምህርት ቦርድ፣ ሌላ ሃይስኩል ውስጥ ገብታችኋል።

ለየት ያለችው አሌክሳንድሪያ ናት። በ1971 ከተማዋ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቿን በሙሉ፣ ነጭም ጥቁርም፣ አንድ ትምህርት ቤት ከተተቻቸው። የዚያ ዓመት የእግር ኳስ ቡድን በኋላ ፊልም ተሠርቶለታል (የአሜሪካኖቹን እግር ኳስ ማለቴ ነው)። ትምህርት ቤቱ በ2021 ስሙን ቀይሮ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ተብሏል። እዚያ ከተማ ብትከራዩ የመንግሥት ሃይስኩሉ ያው አንድ ነው፣ ሀብታሙም ደሃውም ወደዚያው ይሄዳል። አማርኛ ተናጋሪ ልጅም በብዛት አለ።

አምና የአክስቴ ልጅ ከባሏና ከ15 ዓመት ልጇ ጋር ልትመጣ ስትል «አንተ ኮምፒውተር ላይ አይደለህ? እስቲ እይልኝ» አለችኝ። ኮድ ጽፎ የሚያድር ሰው እንዲህ ሲባል የሚያደርገውን አደረግኩ፦ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ኢንተርኔት ላይ ለየትምህርት ቤቱ ከ10 የሚሰጠውን ነጥብ በአንድ ዓምድ፣ የአካባቢውን የሁለት መኝታ ኪራይ በሌላ ዓምድ። በነጥብ ደረደርኩት። ከዚያ በኪራይ ደረደርኩት። ቅደም ተከተሉ እምብዛም አልተነቃነቀም። ሁለት ዓምድ ይዤ ነበር ያልኩት፣ ለካ አንድ ዓምድ ነው። ነጥቡ በብዛት የሚነግራችሁ ወላጆቹ ምን ያህል እንደሚያገኙ ነው። አንድ መምህር አንድን ልጅ ከየት አንስቶ የት እንዳደረሰው ለማየት ሌላ ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል።

መጨረሻ ላይ ሠንጠረዡም አልወሰነም። የወሰነው ማን ቤት እንደሚያርፉ ነው። የኪራይ ውል የሌለው፣ ዘመድ ቤዝመንት ያረፈ ቤተሰብ ልጁን ሲያስመዘግብ ባለቤቱ «አዎ፣ እኔ ጋ ነው የሚኖሩት» ብሎ መፈረም አለበት። ስንቱ ሰው ይህን ወረቀት ይፈራል! ታክስ ይመጣብኛል፣ አከራዬ ይሰማል ይላል። የልጅ ሃይስኩል የሚወሰነው አንዳንዴ በዚህ ፊርማ ነው። በነገራችን ላይ የልጁ የመኖሪያ ፈቃድ ምንም ይሁን ምን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሊከለክለው አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ከወሰነ በ1982 ነው። የሚጠየቀው የት እንደሚኖር እንጂ እንዴት እንደመጣ አይደለም።

መስመሩ ታልፎ ከተገባ በኋላ ሌላ መስመር አለ፣ እሱ ካርታ ላይ አይታይም። ወደ ድሮው ኤም ስትሪት ልመልሳችሁ። ከ1902 እስከ 1906 ርእሰ መምህር የነበሩት አና ጁሊያ ኩፐር በባርነት የተወለዱ ሴት ናቸው። ለጥቁር ልጆች የእጅ ሙያ ይበቃቸዋል የሚለው አስተሳሰብ በነገሠበት ዘመን ላቲንና ሒሳብ ይማራሉ ብለው ቆሙ፣ ተማሪዎቻቸውንም ሃርቫርድና ዬል አስገቡ። ከውዝግብ በኋላ በ1906 ከቦታቸው ተነሱ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን በመምህርነት ተመለሱ። በ1925 ከሶርቦን ዶክትሬታቸውን ሲያገኙ ከ60 ዓመት በላይ ነበሩ። ጠቡ የነበረው ልጁ በየትኛው በር ይግባ በሚል ሳይሆን ገብቶ ምን ይማር በሚል ነው። ከዘር መለያየቱ ማግስትም ጠቡ አልቆመም። የዲሲ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ገና በልጅነታቸው ፈትነው በአራት ደረጃ ይከፋፍሉ ነበር፣ ታችኛው ደረጃ የገባ በዚያው ይቀራል። ጁልየስ ሆብሰን የሚባል አባት ከሰሰ፣ በ1967 ዳኛው ይህ አከፋፈል ይቅር ብለው ፈረዱ።

የአክስቴ ልጅ ሴት ልጅ የመጀመሪያ ቀን የተሰጣት ፕሮግራም ላይ ያለው ሒሳብ አዲስ አበባ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችው ነበር። ያስቀመጧት በእንግሊዝኛዋ ለክተው ነው። ልጅቷ ዝም አለች፤ እንግዳ ሆና ምን ልትል? እናቷ ግን ትራንስክሪፕቷን አስተርጉማ ይዛ ሄደች፣ አስተርጓሚ ጠየቀች፣ የሒሳብ ፈተና ስጧት አለች። ሁለት ጊዜ «እንደውልልሻለን» ተብላ ሁለት ጊዜም ራሷ ተመልሳ ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት ፈተኗትና ሁለት እርከን ወደ ላይ አዛወሯት። አዲሱ ክፍሏን የሚያስተምሩት ሰውዬ 20 ዓመት በዚያው ትምህርት ቤት የቆዩ ናቸው። ከትምህርት በኋላም ክፍላቸውን ክፍት ትተው ልጅ ይጠብቃሉ። ትምህርት ቤቱ በእኔ ሠንጠረዥ ላይ ከታች አራተኛው ነበር።