የዓሣ መራቢያ ወቅትና ቦታ፦ ከእንጦጦና ከየካ አካባቢ ለሚነሡ አጥማጆች የቀረበ መረጃ

የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት የሁለት ተፋሰሶች መለያ ነው። ከእንጦጦ ራጉኤል በስተደቡብ የሚወርደው ውሃ በቀበናና በሌሎች ጅረቶች አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ በስተሰሜን የሚወርደው ደግሞ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ይሁን እንጂ አካባቢው የወንዞች መነሻ እንጂ የዓሣ ማጥመጃ ስፍራ አይደለም። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ጅረቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ ከተማውን ከገቡ በኋላም ፍሳሽ ይቀላቀልባቸዋል። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦችም ለከተማው የመጠጥ ውሃ የሚያቀርቡ ስለሆኑ ያለሚመለከተው አካል ፈቃድ ማጥመድ አይገባም። በመሆኑም ከዚህ አካባቢ ለማጥመድ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ቆቃ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ ወይም ጣና ነው። ከመነሣቱ አስቀድሞ ዓሣው መቼና የት እንደሚራባ ማወቁ ጠቃሚ ነው።

በሀገሪቱ ሐይቆች በስፋት የሚጠመደው ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው የዳርቻ ውሃ ይራባል። ወንዱ አሸዋውን ወይም ጭቃውን በአፉ እየዛቀ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ያበጃል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ውሃው በጠራበት ቦታ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ለሚመለከት ሰው ጎጆዎቹ ከዙሪያቸው ነጣ ብለው፣ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ይታያሉ። ለመራባት የደረሰ ወንድ ራሱና ክንፎቹ ቀላ ይላሉ፤ ወደ ጎጆው የቀረበውንም ሁሉ ያባርራል። እንደ ላንጋኖ ውሃው ቡናማ በሆነበት ሐይቅ ግን ጎጆን በዓይን መለየት ስለማይቻል የተያዘውን ዓሣ መልክ መመልከት ይሻላል።

ሴቷ እንቁላሏን በጎጆው ከጣለች በኋላ ሰብስባ በአፏ ትይዛለች። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም ራሳቸውን እስኪችሉ ሁለት ሳምንት ገደማ በእናታቸው አፍ ይጠበቃሉ። በዚህ ጊዜ ስለማትመገብ በመንጠቆ የምትያዘው ከስንት አንዴ ነው። አደጋው መረብ ነው፤ መረብ ውስጥ የገባች እናት የያዘችውን ትተፋለች፣ አንድ ሙሉ ጫጩትም አብሮ ይጠፋል። በውጭ ሀገር ቋንቋ የሚገኙ መመሪያዎች ብዙዎቹ የሚናገሩት ስለ ሰሜን አሜሪካው ሰንፊሽ ነው። ሰንፊሽም ክብ ጎጆ ይሠራል፤ ነገር ግን እንቁላሉን በጎጆው ሆኖ የሚጠብቀው ወንዱ ስለሆነ በዚያ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ለቆሮሶ አይሠራም።

ቆሮሶ ሞቅ ባለ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ሊራባ ይችላል፤ የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ግን መራባቱ ይቀዛቀዛል። በሐዋሳ ሐይቅ የተደረገ ጥናት መራባቱ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ቀጥሎም ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት እንደሚበረታ አሳይቷል። የመጀመሪያው ወቅት ከዐቢይ ጾም፣ ሁለተኛው ከጾመ ፍልሰታ ጋር ይገጥማል። በጾም ዓሣ የማይበሉ ምእመናን ቢኖሩም የገበያው ፍላጎት የሚጨምረው በእነዚሁ ወራት ነው። ዓሣው እጅግ በሚፈለግበት ጊዜ ሊተው የሚገባው ይሆናል ማለት ነው።

በጣና ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባለው የባርበስ ወገን ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ከእነዚህ በርካታዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት የክረምትና የመፀው ወራት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወንዞች ይገባሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ጠጠር ባለበትና ውሃው በሚፈስበት የወንዝ ክፍል ነው። ወንዙን ከመውጣታቸው በፊት በአፉ ላይ ስለሚሰበሰቡ በዚያ የተዘረጋ መረብ ሊወልዱ የመጡትን በአንድ ጊዜ ይጠርጋቸዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሥራ ላይ ከዋሉ በኋላ የተደረገ ጥናት ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት በ75 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል። በወንዞቹ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ መበተንም ጉዳቱን ያባብሳል፤ መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይምና።

ስለዚህ የመራቢያ ቦታን መለየት የሚጠቅመው ከዚያ ለመራቅ ነው። ጎጆ ያየ አጥማጅ ውሃው ውስጥ ገብቶ ወለሉን ከመርገጥ ተቆጥቦ ከዳርቻው ራቅ ባለ ጥልቅ ውሃ መንጠቆውን ቢጥል ይመከራል። ቀላ ያለ ወንድ ወይም አፏን የሞላች ሴት ከተያዘች እጅን በውሃ አርሶ፣ መንጠቆውን በጥንቃቄ አውጥቶ ወዲያውኑ መመለስ ይገባል። በክረምት ጣና ዳር የሚገኝ ሰውም ከወንዝ አፎች ርቆ ቢያጠምድ ይመረጣል።

በፌዴራል ደረጃ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀምን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሲሆን ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በመርዝም ሆነ በፈንጂ ማጥመድ ክልክል ነው። ዝግ ወራት፣ የተከለለ ቦታ፣ የተፈቀደ የመረብ ዓይን ስፋትና የፈቃድ ሁኔታ እንደየውሃ አካሉ ሊለያይ ስለሚችል ተገልጋዩ ከጉዞው በፊት ሐይቁ የሚገኝበትን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል። በኩሬ ዓሣ ለማርባት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ስለ ዝርያና ስለ ጫጩት መረጃ ሰበታ በሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይችላል።