አበባው ለምን ቢጫ ሆነ? በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የቤት ውስጥ ተክል ለምታሳድጉ

ከአዲስ አበባ በ ስንት ጥንቃቄ ያመጣችሁት ፖቶስ ወይም ዲፈንባኪያ ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ከገባ በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ጀመረ? ብዙዎቻችን "ሙቀቱ ነው፣ ውሃ ጠምቶት ነው" ብለን ጠዋት ማታ ውሃ እንጨምርበታለን። እኔም 2 ፖቶስ የገደልኩት በዚሁ ነው። ነቅዬ ሳያቸው ሥራቸው ጠቁሮ በስብሶ ነበር።

እነዚህ ተክሎች ሙቀት አይፈሩም። ፖቶስ መነሻው በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለች ሞርያ የምትባል ደሴት ነች፣ ሞንስተራ ደግሞ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ጫካ ተክል ነው። ሁለቱም የለመዱት ሞቃት፣ እርጥበት ያለው አየርና የትልልቅ ዛፎች ጥላ ነው። እኛ ጋ ሙቀቱ አለ፤ አየሩ ግን ብዙውን ወር ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ቤቱም ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ የሚገድላቸው ብዙ ጊዜ ለሙቀቱ ብለን የምናደርገው ነገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እወቁ፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከተማ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ የወረደ ተክል በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሳምንታት ጥቂት የታች ቅጠሎች ቢጥል አትደንግጡ። አየር እየለመደ ነው። ወዲያው አፈር አትቀይሩለት፣ ማዳበሪያም አትጨምሩበት።

1. ውሃ
በቀን ቆጥራችሁ አታጠጡ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ክተቱ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ስታጠጡ ውሃው ከታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ በደንብ ይሁን። ማስቀመጫው ቀዳዳ ከሌለው ዛሬውኑ ብሱት።
የቆላ ልዩ ችግር ደግሞ ሮቶ ነው። ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ሮቶ ወይም ጎማ የሚያወጣው ውሃ እጅ ያቃጥላል፤ ሥርንም ይጎዳል። ጠዋት በማለዳ አጠጡ፣ ወይም ውሃውን ማታ ቀድታችሁ አሳድሩት።

2. ቦታ
የጠዋት ፀሐይ ጥሩ ነው። ከቀትር በኋላ ያለው፣ በተለይ ከመስኮት መስታወት አልፎ የሚመጣው፣ ቅጠል ያቃጥላል። ከምዕራብ መስኮት ራቅ አድርጉት ወይም ስስ መጋረጃ ጋርዱ። ከቬንትሌተር ፊት ለፊት አታስቀምጡት፣ ቅጠሉን ያደርቀዋል። 3 እና 4 ተክሎችን አጠጋግቶ ማስቀመጥ በመካከላቸው ያለውን እርጥበት ትንሽ ይጨምራል።

3. አፈር
መረሬ አፈር ለማሳ ይሁን እንጂ ለአበባ ማስቀመጫ ብቻውን አይሆንም። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥር አየር ያጣል። 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ የወንዝ አሸዋ፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

4. ምልክቱን አንብቡ
• ቅጠሉ ቢጫ፣ አፈሩ እርጥብ፦ ውሃ በዝቷል። እስኪደርቅ አቁሙ።
• ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ ደረቅ፦ ጠምቶታል። አፈሩ ከማስቀመጫው ጠርዝ ከተላቀቀ ከላይ የምታፈሱት በጎን ያልፋል፤ ማስቀመጫውን ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት።
• ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ፦ አደገኛው ይሄ ነው፣ ሥሩ በስብሷል። ንቀሉት፣ የጠቆረውንና የለሰለሰውን ሥር በንጹህ መቀስ ቆርጣችሁ በአዲስ አፈር ትከሉት። ፖቶስ ከሆነ ጤነኛ ቅርንጫፍ ከአንጓው በታች ቆርጣችሁ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ላይ አድርጉ፣ በጥቂት ሳምንታት አዲስ ሥር ያወጣል።
• ጫፉ ቡናማና ደረቅ፦ ደረቅ አየር ወይም የውሃው ጨው ነው። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ጨው ተጠራቅሟል፤ በብዙ ውሃ እጠቡት፣ ሁሉም ከታች ይውጣ። ክረምት ሲገባ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙለት።
• በፀሐይ በኩል የነጣ ወይም የተቃጠለ ጠባሳ፦ ቦታ ቀይሩ። ጠባሳው አይጠፋም፣ አዲሱ ቅጠል ግን ደህና ይሆናል።
• ግንዱ ረዝሞ ቅጠሉ ካነሰ፦ ብርሃን አንሶታል።

5. ተባይ
በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ቅጠል ጀርባ ላይ ቀጭን ድርና ደቃቅ ነጠብጣብ ካያችሁ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው፣ ደረቅ ሙቀት ይወዳሉ። የቅጠሉን ጀርባ በውሃ እጠቡ፣ በየጥቂት ቀኑ ድገሙት። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከሆነ በአልኮል በነከረ ጥጥ ጥረጉት። ለ1 ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ መርጨትም ይቻላል። መጀመሪያ ግን አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩት፣ በማግስቱም በውሃ አለቅልቁት።

እባካችሁ ይሄን ልብ በሉ፦ ለማሾ ወይም ለሽንኩርት ማሳ የተገዛ ፀረ ተባይ ቤት ውስጥ አትርጩ። ሜዳ ላይ ንፋስ የሚበትነውን መርዝ በተዘጋ መኝታ ቤት የምትተነፍሱት እናንተና ልጆቻችሁ ናችሁ። የመድኃኒቱን ባዶ ዕቃም አጥባችሁ ለውሃ ማጠጫ አትጠቀሙበት። ለ1 አበባ ተብሎ ሰው አይመረዝም።

6. ልጅ ካለ፣ ትንኝ ካለ
ዲፈንባኪያ፣ ፖቶስና ሞንስተራ ውስጣቸው እንደ መርፌ የሾሉ በጣም ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ። ሕፃን ካኘካቸው አፍና ምላስ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። የዲፈንባኪያው ይብሳል። አፉን በውሃ አጥቡ፣ አታስመልሱት። እብጠቱ ከጨመረ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደው ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ተክሉን ከፍ ያለ ቦታ አድርጉት።

ወባ ለእኛ አካባቢ አዲስ አይደለም፤ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ላይ የምትራባዋ ትንኝ ደግሞ ደንጊና ቺኩንጉንያ ታስተላልፋለች። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ መነሳቱን ታስታውሳላችሁ። ከማስቀመጫው ስር ያለውን ሳህን ድፉ፣ የሃይላንዱን ውሃ በሳምንት 2 ጊዜ ቀይሩ፣ ጠርሙሱንም ውስጡን እሹት።

"አየር ያጸዳል" የሚባለውስ?
ወሬው የተነሳው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው ጥናት ነው። ያ ሙከራ የተደረገው ግን በተዘጋ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነበር። መስኮት በሚከፈት ተራ ቤት ውስጥ ጥቂት አበባዎች የሚያመጡት ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ስለሚያምር ግዙት፣ በዚህ ምክንያት ግን ዋጋ አይጨመርባችሁ።

ጀማሪ ከሆናችሁ
ከስኔክ ፕላንት ጀምሩ። ዘመዶቹ በአገራችን ቆላ ሜዳ ላይ ይበቅላሉ፣ ሙቀትም ጥማትም ይችላል። እሬትም እንደዛው ነው። ሁለቱም የሚሞቱት ውሃ ሲበዛባቸው ነው። ፖቶስ ደግሞ ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ ለምናችሁ በነፃ ትጀምራላችሁ።

የናንተ አበባ ምን ሆነ? የቅጠሉንም የአፈሩንም ፎቶ አስቀምጡልን። አፈሩን ሳናይ ቅጠሉን ብቻ አይተን መገመት ይከብዳል።